«ስንተኛህ ነው?»፦ የአንድ የደብረ ብርሃን ሾፌር የፊኛ ካንሰር ሕክምና

ጋሼ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። 61 ዓመቱ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ነው። የደሴን መንገድ በጭነት መኪና ሲመላለስበት ኖሯል፤ የጣርማ በርን ጉም እንደ ቤቱ ጓዳ ያውቀዋል። ተወልዶ ያደገው መንዝ ነው፤ የሚኖረው ደብረ ብርሃን። ይህን የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው። «ስሜን ተይውና ሌላውን ሁሉ ጻፊው፤ የደበቅኩትንም ጭምር» ብሎኛል።

እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የጋሼ ሕመም መጀመሪያ የመጣው እኔ መስኮት ላይ ስለሆነ ነው።

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ውርጩ የገባበት ሰሞን። ጋሼ ጋቢውን ተከናንቦ መጣና ሰው እስኪሳሳ ዳር ላይ ቆመ። ከዚያ ጠጋ ብሎ «ሽንት ለሚያቃጥለው ሰው የሚሆን ነገር ስጪኝ» አለኝ። «ለማን ነው?» አልኩት። «ለአንድ ሰው ነው» አለኝ። ዓይኔን አላየኝም። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሰጠሁት፤ ያለ ማዘዣ። ያ ሰው ሽንቱ ደም አለው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። አንዲት ጥያቄ ነበረች። ዛሬም ድረስ ትቆረቁረኛለች።

ያ «አንድ ሰው» እሱ ራሱ ነበር። ደም መሽናት ከጀመረ ወር አልፎት ነበር። ሽንቱ ደግሞ አያቃጥለውም ነበር። «ደም» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ ስላለው ነው «ማቃጠል» ያለኝ።

ስምንት ወር ሙሉ

ለምን ደበቀ? ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። መልሱ አጭር ነው፤ «ሾፌር ነኛ!» ይለኛል። ዕድሜውን መንገድ ላይ ያደረ ሰው ሽንቴ ደም ሆነ ቢል ሰፈር ምን እንደሚል አስቡት። «ከየትም ያመጣው አባላዘር ነው» ይባላል። ለባለቤቱ መንገር ደግሞ ከሁሉም ባሰበት። ለእኔ ለወንድሙ ልጅማ ጭራሽ የሚታሰብ አልነበረም።

ሌላው ያታለለው ነገር ደሙ መቆሙ ነው። ይህን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የሽንት ፊኛ ካንሰር ዋናው ምልክት ደም መሽናት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሕመም የለውም። ደሙ አንድ ቀን ይታይና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይጠፋል። ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ጋሼ ሲፕሮውን ሲጨርስ ደሙ ቆመ፤ መድኃኒቱ ሠራ አለ። በጥር ሲመለስበት ጻድቃኔ ማርያም ሄዶ ጠበል ገባ፤ እዚያም እያለ ቆመለት። ጸሎቱንና ጠበሉን አልነካም፤ ዛሬም ይሄዳል፤ እኔም አብሬው ሄጃለሁ። ግን ደሙ ጠበል ባይገባም ይቆም ነበር። የበሽታው ጠባይ ነው።

ብርዱም አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚመጣበት ሰው ሁሉ «ብርድ መታኝ» ነው የሚለው። ጋሼ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ሲነሳ ባለቤቱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ደረበችለት።

ሰኔ ላይ አንድ ሌሊት ሽንቱ ጨርሶ ቆመ። የረጋ ደም መውጫውን ዘግቶት ነበር። ሆዱ ተነፍቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ጎረቤት በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰው። በቱቦ ደሙን አጠቡለት። በአልትራሳውንድ ሲያዩት የፊኛው ግድግዳ ላይ የበቀለ ነገር አለ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት።

ነቀርሳን በነቀርሳ ክትባት

አዲስ አበባ በሽንት ቧንቧው ካሜራ አስገብተው አዩት። ሐምሌ ላይ በዚያው መንገድ፣ ሆዱ ሳይከፈት፣ እባጩን ቆርጠው አወጡት። ናሙናው ሲመረመር ካንሰር ሆነ፤ ቶሎ የሚያድግ ዓይነት፣ ግን የፊኛውን ጡንቻ ያልነካ። የቀረ ነገር እንዳይኖር ጳጉሜን ላይ ደግመው ጠረጉለት። የፊኛ ካንሰር ከተገኘባቸው ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጡንቻ ሳይነካ ነው የሚደረስባቸው። ጋሼ ስምንት ወር ደብቆም ከእነዚህ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው።

ውጤቱን የነገረን ሰው ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ወረቀቱን እያጣጠፈ ነው የነገረን። ሰው ይተላለፍ ነበር። ጋሼ «እሺ» ብቻ አለ።

ሐኪሙ ምን ሲሠራ እንደኖረ ጠየቀው። ሲጋራ? ከ19 ዓመቱ ጀምሮ። ብዙ ሰው ሲጋራ ሳንባን እንጂ ፊኛን የሚጎዳ አይመስለውም። ግን መርዙ በደም ዞሮ በኩላሊት ተጣርቶ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሽንት እስኪሸና ድረስ ግድግዳውን እየነካ ይቆያል። ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከማጨስ ጋር የተያያዘ ነው። ሐኪሙ አዋሽ ሸለቆ ሠርተህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ጠይቆታል። በረዳትነት ዘመኑ ከመልካ ወረር ጥጥ ይጭን ነበር፤ በመስኖው ቦይ ይታጠብ ነበር። መካከለኛው አዋሽ ላይ ሽንት ደም የሚያደርገው የቢልሃርዝያ ዓይነት አለ፤ እሱም ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ለፊኛ ካንሰር ያጋልጣል። የጋሼ ግን ዋናው ተጠያቂ ሲጋራው እንደሆነ ነው የተነገረን። የዚያኑ ቀን የያዛትን ፓኮ ለጥበቃው ሰጠና በዚያው ተወ።

ከዚያ የታዘዘለት ቢሲጂ ነው። አዎ፣ ሕፃናት ክንዳቸው ላይ የሚወጉት፣ ጠባሳው ሁላችንም ላይ ያለው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት። ለሰው መሰጠት የጀመረው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ አልቫሮ ሞራሌስ የሚባሉ ካናዳ ያሉ ሐኪም ለፊኛ ካንሰር እንደሚረዳ የሚያሳይ ሥራ አሳተሙ። በሕይወት ያሉት የተዳከሙ ተሕዋስያን ፊኛው ውስጥ ሲገቡ የሰውነት መከላከያ ይነቃና ካንሰሩንም አብሮ ያጠቃል። ጋሼ ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበና «ነቀርሳን በነቀርሳ ክትባት!» አለ። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም ነቀርሳ መሆናቸው ለማስረዳት ረዳኝ።

የታዘዘለት በየሳምንቱ አንድ፣ በጠቅላላው ስድስት ነው። ከዚያ ምርመራ፤ ከዚያ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ሦስት ሦስት። መድኃኒቱ በዓለም ላይም እጥረት የሚበዛበት ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ብቻ ሦስት ሳምንት ስልክ ስደውል ነበር።

አይዞህ

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ጋሼ ሰው አላጣም። ሸዋ ውስጥ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ዕድርተኛው፣ ማኅበርተኛው፣ የድሮ ሾፌሮች፣ ከመንዝ የመጣ ዘመድ፤ ብርቱካንና ለስላሳ ይዞ ያልመጣ የለም። ሁሉም «አይዞህ» ይላሉ። «እግዜር ይማርህ» ይላሉ። የበሽታውን ስም ግን ማንም አይጠራም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ነው የሚባለው፤ እሱም ድምፅ ተቀንሶ። ጋሼ ግድግዳው ላይ ተደግፎ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። ሰው ሲወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

መጀመሪያውን የቢሲጂ ቀን አብሬው ነበርኩ። በቀጭን ቱቦ ገብቶ የሚፈሰው ፈሳሽ 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። እሱን ሁለት ሰዓት ፊኛ ውስጥ መያዝ ነው ጭንቁ። ከላምበረት ሚኒባስ ይዘን በዚያው ቀን ተመለስን። አለልቱ ሳንደርስ ጋሼ መቀመጫውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። ወራጅ አለ ማለት አልቻለም። ያ ስንት መኪና የነዳ ሰው። ሸኖ ስንደርስ ሱሪው ርሶ ነበር። ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠቀለለና ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ማታ «ሁለተኛውን አልሄድም» አለ። ለመንኩት። አባቴ ተቆጣው። ባለቤቱ አለቀሰች። «ጤነኛ ሰው አይዞህ ሲለኝ አፌን የሚይዘኝ ይመስለኛል» አለኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። አሁን ነው የገባኝ። አይዞህ ከተባለ በኋላ «ሱሪዬ ላይ ሸናሁ» ማለት አይቻልም።

የሄደው ለአባቴ ብሎ ነው። ወረፋ ስንጠብቅ አጠገቡ አንድ የመርሐ ቤቴ ሰው ተቀምጠዋል። ከእሱ በጥቂት ዓመት ይበልጣሉ፤ ካፖርት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው። የጋሼን ካርድ አዩና «ስንተኛዎ ነው?» አሉት።

«ሁለተኛዬ።»

«እኔ አሥራ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ አመለጠዎት አይደል?»

ጋሼ ዞር ብሎ አያቸው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀ። ሰኔ ላይ ከታመመ ጀምሮ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

አግዳሚው ላይ የተባለው

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ጆሮዬን ጥዬ ነው የሰማሁት። ፋርማሲስት ሆኜ ወረቀት ላይ የማውቀውን ነገር እሳቸው እንዴት እንደሚኖሩት ነገሩት።

ከመግባትህ በፊት አራት ሰዓት ያህል ፈሳሽ አትጠጣ፤ የሞላ ፊኛ ይዘህ ከገባህ ሁለቱን ሰዓት አትችለውም። ሻይም ቡናም ለዚያ ጠዋት ተወው። ካወጣኸው በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ውኃ ጠጣ። በዚያው ቀን አገርህ አትመለስ፤ ዘመድ ጋ እደር። ዘመድ ከሌለህ የአዋቂ ዳይፐር ልበስ፤ እኔ ለብሻለሁ፤ ማንም አያይም። ባዶ ሃይላንድ ከኪስህ አይለይ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሰዓታት ስትሸና ቁጢጥ በል፤ ቆመህ አትርጭ። ከዚያ በረኪና ድፋበትና ሩብ ሰዓት አቆየው፤ ሕያው መድኃኒት ነው፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ይኖራል። እጅህን በሳሙና ታጠብ። ማታ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ያቃጥልሃል፤ በማግሥቱ ይበርዳል፤ በሦስተኛው ቀን ሥራህን ትሠራለህ። ትኩሳቱ 38.5 ካለፈና ማንቀጥቀጡ አልተው ካለ ግን ቀጥ ብለህ ሐኪም ጋ፤ ስለ መድኃኒቱም ንገራቸው። ደም እያየህ ከሄድክም አትደብቅ፤ ቀኑን ያሸጋግሩታል እንጂ አይቆጡህም።

የመጨረሻውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔን ዘወር ብለው አይተው ነው ያሉት። ከሚስትህ ጋር በምትሆንበት ጊዜ ኮንዶም አለ፤ ከየመድኃኒቱ በኋላ ለአንድ ሳምንት። አትፈር፤ እሷም ሳትጠይቅህ እየጨነቃት ነው። እኔ ይህን ለጋሼ ልነግረው አልችልም ነበር። ማንም ከቤተሰቡ አይችልም ነበር።

ሲለያዩ ስልክ ተቀያየሩ። ሦስተኛው ላይ «አንተ» ተባባሉ።

ሦስት ሰው

ጥቂት ቆይቶ የደብረ ሲናዋ እናት መጡ። የእሳቸው ታሪክ ይከብዳል። ደም ሲያዩ የሽንት ኢንፌክሽን ተባለ፤ ቀጥሎ የማረጥ ነገር ነው ተባለ፤ ካሜራ እስኪገባ ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ነበር። ፊኛቸው ሙሉ በሙሉ ወጣ። ከአንጀታቸው ቁራጭ ተወስዶ መውጫ ተሠራላቸው፤ ሽንታቸው አሁን ሆዳቸው ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው የሚጠራቀመው። በሴቶች ላይ እንዲህ ዘግይቶ መገኘቱ የተለመደ ነገር ነው። በሽታው በወንዶች ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይበዛል፤ ስለዚህ ሴት ስትመጣ ቶሎ አይጠረጠርም።

የእሳቸው ትልቁ ፍርሃት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ይፈስ ይሆን? ይሸት ይሆን? መቁረብስ እችል ይሆን? ሰባት ወር ከደጀ ሰላም አልገቡም። የመርሐ ቤቴው ሰው ባለቤት ናቸው በስልክ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ ብለው የገፏቸው። ካህኑም ሕመም ርኩሰት አይደለም አሏቸው። ከረጢቱን ሲያሳዩኝ ነጠላቸውን ገልጠው፣ በሁለት ጣት ጠርዙን ዙሪያውን ጫን ጫን እያደረጉ ነበር፤ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው። ጠዋት ጠዋት ሳይበሉ ሳይጠጡ መቀየር እንደሚሻል፣ ሽንቱ ያን ጊዜ እንደሚቀንስ በራሳቸው ደርሰውበታል። ይህን ለሌላ ሴት ለመንገር ሲሉ ነው ስልካቸውን ለሲስተሯ የሰጡት።

ለጋሼ ደግሞ ሌላ ነገር ሆኑለት። እሱ ከሁሉ የሚፈራው ፊኛዬ ይወጣ ይሆን የሚለውን ነበር። ፊኛቸው የወጣ ሰው ሽሮ ሲበሉ፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ ሲያወሩ አየ። ስለዚያ ፍርሃት ዳግም ሲያወራ አልሰማሁትም።

ጋሼም ባዶ እጁን አልነበረም። ሦስቱም በአንድ ቀን እንዲቀጠሩ ሲስተሯን የለመነው እሱ ነው፤ እሷም እሺ ብላ ማክሰኞ አደረገችላቸው። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው። የትኛው ምግብ ቤት ንጹሕ ሽንት ቤት እንዳለው፣ የትኛው ባሕር ዛፍ ሥር ሚኒባስ ዳር ይዞ ሊቆም እንደሚችል፣ ጫጫ ላይ ማን ቁልፍ እንደሚይዝ ያውቃል። ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ሾፌሩ ጋ ጠጋ ይልና «ወንድሜ፣ ታማሚ ይዘናል፤ ሁለት ቦታ ታቆምልናለህ» ይለዋል። ሾፌር ለሾፌር እምቢ አይልም። የደብረ ሲናዋ እናት በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ያ ሸኖ ላይ ጋቢውን ጠቅልሎ የወረደ ሰው፣ ከሁለት ወር በኋላ ለሰው መንገድ ሲያቃና ሳይ ደረቴን አሞቀኝ።

ሁሉም ነገር አልተቃናም። ኅዳር ላይ መንገድ ተዘግቶ አንዱ መድኃኒት በሳምንት ዘገየ። ጾመ ነቢያት ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልጠጣም አለ፤ መድኃኒቱን ካወጣ በኋላ መጠጣት ነበረበትና ንስሐ አባቱ ናቸው በስንት ጭቅጭቅ የመለሱት። አምስተኛው ላይ ማቃጠሉ በርትቶበት ሁለት ሌሊት ሳይተኛ አደረ። እኔ ጋ አልደወለም። የመርሐ ቤቴው ሰው ጋ ነው የደወለው፤ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤ አነሱለት። ምን እንዳሉት ስጠይቀው «ምንም፤ አብረን ዝም አልን» አለኝ።

ጥር 2017 ላይ በካሜራ ሲታይ ንጹሕ ነው ተባለ። በሽታው የመመለስ ጠባይ ስላለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በየሦስት ወሩ ይታያል። በየምርመራው ዋዜማ እንቅልፍ የለም። በዚያ ሌሊት ስልኩ አይዘጋም።

ሆስፒታሎቻችን ይህን ነገር እንዲያስቡበት እለምናለሁ። ጋሼ የመርሐ ቤቴውን ሰው ያገኘው ካርዱ ስለታየ ነው። ሌላ አግዳሚ ላይ ቢቀመጥ ሕክምናውን አቋርጦ ነበር። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። አንዲት ደብተር፤ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ስልክ፤ «ይህን ያለፈበት ሰው ላገናኝዎት?» የሚል አንድ ጥያቄ። ሐኪም የሚናገረው ነገር አለ፤ የሕክምናውን ውሳኔ ለሐኪም መተው ነው፤ ሦስቱም እርስ በርስ መድኃኒት አይተዛዘዙም። ሱሪህ ላይ ሲያመልጥህ ምን እንደምታደርግ ግን የሚነግርህ ያመለጠው ሰው ነው። እኔም መስኮቴ ላይ አሁን እጠይቃለሁ፤ ሽንት የሚል ሰው ሲመጣ «ደም አለው?» እላለሁ፤ ድምፄን ቀንሼ፣ ሌላው እንዳይሰማ።

ጥቅምት 2018 ላይ ጋሼ አሥራ አምስተኛውን ጨረሰ። ባለፈው ሰኞ ጋቢውን ተከናንቦ ፋርማሲ መጣ። ወረፋ አልጠበቀም፤ ሰው መሐል ገብቶ «የአዋቂ ዳይፐር አለሽ? አንድ እሽግ ስጪኝ» አለኝ።

«ለማን ነው?»

«ለአንድ ሰው ነው» አለ። ዓይን ዓይኔን እያየኝ። «ከእነዋሪ ነው። ነገ አንደኛው ነው።»